ዳርዮ ሁብነርና የጣሊያን የታችኛው ሊግ አጥቂ ሕይወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጣሊያን ኳስ ሲወራ የሚነሱት ስሞች ብዙ ጊዜ ያው ናቸው፤ ባጆ፣ ማልዲኒ፣ ቶቲ፣ ዴል ፒዬሮ። እኔን ሰው ሲጠይቀኝ ግን ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው ዳርዮ ሁብነር ነው። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ሴሪ አን አልረገጠም፤ በ35 ዓመቱ ግን የሴሪ አ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ከዚህ በታች ያሉት ስለ እሱና እንደ እሱ ከክለብ ክለብ ሲዞሩ ስለኖሩ አጥቂዎች አዘውትረው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳርዮ ሁብነር ማን ነው?

በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ጥግ፣ ከትሪዬስቴ አጠገብ ባለችው ሙጃ በተባለች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው ያደገው፤ የተወለደው ኤፕሪል 28 ቀን 1967 ነው። የአባቱ ስም ጀርመንኛ ቢመስልም ሰውየው ጣሊያናዊ ነው። በ1987 ፒዬቪጂና ለተባለ የአማተር ክለብ ፈረመ። ከዚያ ፔርጎክሬማ፣ ፋኖ፣ ቼዜና፣ ብሬሻ፣ ፒያቼንዛ፣ አንኮና፣ ፔሩጃ፣ ማንቶቫ እያለ ቀጠለ፤ ከዚያም በኋላ አላቆመም። ከእነዚህ ክለቦች መካከል የሴሪ አን ዋንጫ አንስቶ የሚያውቅ አንድም የለም።

ደጋፊዎች «ታታንካ» ይሉታል። ቃሉ ላኮታ ከተባሉት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ሲሆን ጎሽ ማለት ነው። ሲሮጥ ያየው ሰው ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ትከሻውን አስቀድሞ፣ ተከላካይ መኖሩን የረሳ ይመስላል።

ኳስ ከመጀመሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር?

የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ ላይ ነበር። በትልቅ ክለብ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ አላደገም፤ የተጫወተው ለከተማው ክለብ ለሙጄዛና ነው። ኑሮው የሚሸፈነው በቀን ሥራው ሲሆን ኳሱ የማታና የእሑድ ነበር።

ይህን በደንብ ለመረዳት ከሮቤርቶ ባጆ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ባጆ የተወለደው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1967 ነው፤ ሁብነርን የሚበልጠው በሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በሜይ 1987 ባጆ ለፊዮሬንቲና ተሰልፎ በናፖሊ ሜዳ በቅጣት ምት የመጀመሪያውን የሴሪ አ ጎሉን ሲያስቆጥር፣ ሁብነር ገና ወደ አማተሮቹ ወደ ፒዬቪጂና አልሄደም ነበር። ባጆ በ1990 የዓለም ዋንጫ ቼኮዝሎቫኪያ ላይ ያችን ዝነኛ ጎል ሲያገባ ሁብነር የፋኖ ተጫዋች ነው። ባጆ በ1993 የወርቅ ኳሱን ሲወስድ ደግሞ ሁብነር ሴሪ ቢ ላይ ነበር። ሁለቱ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነበር። ወደ ኋላ እንደምታዩት ግን መንገዳቸው አንድ ቀን ተገናኝቷል።

የጣሊያን ሊግ እንዴት ነው የተደረደረው?

ላይኛው ሴሪ አ ነው፤ ዛሬ 20 ክለቦች አሉት፣ ሁብነር በተጫወተበት ዘመን ግን 18 ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ ሴሪ ቢ አለ፣ እሱም ዛሬ 20 ነው። ከዚያ 60 ክለቦች በሦስት ምድብ የሚጫወቱበት ሴሪ ሲ ይመጣል። ፕሮፌሽናል የሚባለው እዚህ ላይ ያበቃል። ከታች ሴሪ ዲ በዘጠኝ ምድብ ተከፍሎ ይካሄዳል፤ ከዚያም ኤቼለንሳ፣ ፕሮሞሲዮኔ እያለ እስከ መንደር ሜዳ ይወርዳል።

በድሮ ውጤቶች ላይ «ሲ አንድ» እና «ሲ ሁለት» የሚል ብታዩ አትደናገሩ። ሦስተኛው እርከን ከ1978 ጀምሮ ሁለት ደረጃ ነበረው፤ እንደገና አንድ የሆነው በ2014 ነው። ዛሬ ሴሪ ዲ የሚባለው ደግሞ ሁብነር ሲጀምር «ኢንተርሬጆናሌ» ይባል ነበር። ስለዚህ ሰውየው ከአምስተኛው ደረጃ ተነስቶ አንድም ሳይዘል እያንዳንዱን እርከን በእግሩ ወጥቷል ማለት ነው። ኢንተርሬጆናሌ፣ ሲ ሁለት፣ ሲ አንድ፣ ሴሪ ቢ፣ ሴሪ አ።

«ካልቾ» ከእኛው ካልቾ ጋር አንድ ቃል ነው?

አንድ ነው። ጣሊያንኛው ሁለቱንም ትርጉም ይዟል፤ እርግጫም ጨዋታውም ካልቾ ይባላል። እኛ የወሰድነው እርግጫውን ብቻ ነው። የኮከብ ግብ አግቢ ስያሜያቸው «ካፖካኖኒዬሬ» ነው፤ የመድፈኞች አለቃ እንደማለት። «ካፖ» ያሉት እኛ የቀን ሠራተኞችን የሚያዘውን ሰው «ካቦ» የምንልበት ቃል ነው። ለሁብነር ይህ የኛ ትርጉም በጣም የሚስማማው ይመስለኛል፤ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ጀምሮ ካቦ ሆኗል።

ፋኖ ላይ ምን ሠራ?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ ከአማርኛው ቃል ጋር የሚገናኘው በድምፅ ብቻ ነው። ፋኖ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ፣ በማርኬ አውራጃ ያለች ጥንታዊ ከተማ ስትሆን ስሟ «ፋኑም ፎርቱኔ» ከሚለው ላቲን የመጣ ነው፤ የዕድል ቤተ መቅደስ ማለት ነው። ክለቡም «አልማ ዩቬንቱስ ፋኖ» ይባላል፤ ከቱሪኑ ዩቬንቱስ ጋር ግን ዝምድና የለውም።

ሁብነር በ1989 ገብቶ ሦስት ዓመት ተጫወተ፤ በ1991-92 የሲ አንድ ምድቡ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ያገባው 14 ጎል ነው። ቁጥሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ ያን ዘመን አስታውሱት። ለድል የሚሰጠው ገና ሁለት ነጥብ ነበር፤ ከሜዳው ውጭ አቻ የወጣ ቡድን ደስ ብሎት ይመለሳል። ግብ ጠባቂ በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ መያዝ ይችል ስለነበር እየመራ ያለ ቡድን ሰዓት ማባከን እንደ ሙያ ይዞት ነበር። እዚያ ውስጥ 14 ጎል ማግባት ትልቅ ሥራ ነው።

የታችኛው ሊግ አጥቂ ከላይኛው በምን ይለያል?

በችሎታ ብቻ ነው የሚለው መልስ አያጠግበኝም። የሥራው ዓይነት ራሱ የተለየ ነው። ሴሪ አ ላይ በትልቅ ቡድን የሚጫወት አጥቂ በአንድ ጨዋታ አምስት ስድስት ዕድል ሊያገኝ ይችላል፤ ጀርባው ላይ ኳስ በሚፈለገው ቦታ የሚያደርሱለት አማካዮች አሉ። ሲ ላይ ግን ኳሱ ብዙውን ጊዜ ከተከላካይ እግር በረጅሙ ይመጣል። አጥቂው ሁለት ሰው ጀርባው ላይ ተለጥፎበት በደረቱ ያቆመዋል፣ ጓደኞቹ እስኪደርሱ በገላው ይከልለዋል፣ ከዚያ ራሱ ወደ ሳጥኑ ይሮጣል። በዘጠና ደቂቃ ውስጥ አንድ ጥሩ ዕድል ካገኘ ብዙ ነው። ያችን አንዷን ያባከነ አጥቂ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ከተማ ነው።

ሜዳውም የራሱ አስተማሪ ነው። በጃንዋሪ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ በረዶ የበዛበት መሬት፣ ደቡብ ላይ ደግሞ ሣሩ አልቆ ጠጠር የወጣበት ሜዳ ይጠብቃል። ኳሱ እንዴት እንደሚነጥር ቀድሞ የሚገምት ሰው ግማሽ ጎሉን አግብቷል። ተከላካዮቹም እንደ አጥቂው ለዳቦ የሚጫወቱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዳኛው ፊቱን ሲያዞር ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ሁብነር ይህን ትምህርት ጨርሶ ነው የወጣው። ሴሪ አ ሲደርስ አዲስ ነገር አልጨመረም፤ ያው ሩጫ፣ ያው ጠንካራ ምት፣ ያው ከተከላካይ ጀርባ ያለውን ክፍተት ማነፍነፍ ነው። ስለ እሱ ስጽፍ ሁልጊዜ የምከራከረው በዚህ ነው። ታችኛው ሊግ ለእሱ ተራ መጠበቂያ አልነበረም፤ ሙያውን ያገኘው እዚያ ነው፤ ላይኛው ሊግ የቀዳውም ከዚያው ጉድጓድ ነው።

ቼዜና ላይ አምስት ዓመት ሲያገባ የሴሪ አ ክለቦች የት ነበሩ?

ይህን ጥያቄ እኔም ደጋግሜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ከ1992 እስከ 1997 ሴሪ ቢ ላይ ለቼዜና ተጫወተ። በ1994 ክለቡ ወደ ሴሪ አ ለማደግ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ክሬሞና ላይ በተደረገው የመለያ ጨዋታ በፓዶቫ 2 ለ 1 ተሸነፈና ቀረ። በ1995-96 ሁብነር 22 ጎል አግብቶ የሴሪ ቢ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ዕድሜው 29 ነበር።

እንደሚመስለኝ የዘጋበት ያ ቁጥር ነው። በ90ዎቹ አጋማሽ ሴሪ አ የዓለም ሀብታሙ ሊግ ነበር፤ ባቲስቱታና ዊሃ የሚጫወቱበት። በዲሴምበር 1995 የቦስማን ፍርድ ሲመጣ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተጫዋች የማምጣቱ ገደብ ተነሳ። 18 ክለቦች ብቻ ባሉበት ሊግ ለአጥቂ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው፤ እሱንም ነገ አትርፎ ለሚሸጥ የ21 ዓመት ልጅ እንጂ ለ29 ዓመት ሰው የሚሰጥ ፕሬዚዳንት ማግኘት ይከብዳል። ቼዜና በ1997 ሲወርድ ሁብነር ወደ ብሬሻ ሄደ፤ ብሬሻ በዚያው ዓመት ወደ ሴሪ አ አድጎ ነበር። በሩ የተከፈተለት እንዲህ ነው።

የመጀመሪያ የሴሪ አ ጨዋታው ሮናልዶ ከጀመረበት ቀን ጋር አንድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኦገስት 31 ቀን 1997፣ ሳን ሲሮ፣ ኢንተር ከብሬሻ። ስታዲየሙ የሞላው ኢንተር ከባርሴሎና ያመጣውን ብራዚላዊውን ሮናልዶን ለማየት ነው። ሁብነር ሠላሳ ዓመት ከአራት ወሩ ነበር። በ73ኛው ደቂቃ ጎል ያገባው ሮናልዶ ሳይሆን እሱ ሆነ፤ ብሬሻ 1 ለ 0 መራ፤ ሳን ሲሮም ጭጭ አለ።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ተቀይሮ የገባው ኡራጓዊው አልቫሮ ሬኮባ ከሩቅ ሁለት ግሩም ጎሎች አስቆጥሮ ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። በማግስቱ ያ ቀን የሮናልዶና የሬኮባ መጀመሪያ ተብሎ ተወራ። እኔ ግን ያን ጨዋታ ሳስብ የምትታየኝ የ73ኛዋ ደቂቃ ናት። አሥር ዓመት ሙሉ በአማተርና በታችኛው ሊግ የተለማመደውን ያንኑ ነገር ሳን ሲሮ ላይ አደረገው፤ ሠራም።

በዚያ ዓመት 16 ጎል አገባ። ብሬሻ ግን ወረደ።

ከባጆ ጋር መቼ ተጫወተ?

ሁብነር ከብሬሻ ጋር ወደ ሴሪ ቢ ወርዶ ሁለት ዓመት እዚያው ቆየ፤ በሁለቱም ዓመት 21፣ 21 ጎል አግብቶ በ2000 ክለቡን መልሶ አወጣው። በዚያው ክረምት ባጆ ብሬሻ ገባ። አሠልጣኙ ካርሎ ማዞኔ ነበር። የ1967ቱ ሁለት ልጆች በ33 ዓመታቸው በአንድ መልበሻ ክፍል ተገናኙ። ሁብነር 17፣ ባጆ 10 ጎል አገቡ፤ ሁልጊዜ ወራጅ ቀጣና አካባቢ የሚኖረው ብሬሻም ከሰንጠረዡ የላይኛው ግማሽ ውስጥ ጨረሰ።

በቀጣዩ ክረምት ብሬሻ ሉካ ቶኒ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ከቪቼንዛ አመጣ። ለሁብነር የተረፈው ሻንጣ ማዘጋጀት ነበር። ቶኒም ራሱ በሲ አንድ በፊዮሬንዙኦላና በሎዲጃኒ ሲዞር የኖረ፣ በ2006 የዓለም ዋንጫን እስኪያነሳ ብዙ መንደር ያየ ልጅ ነው።

የሴሪ አ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው እንዴት ነው?

በ2001-02፣ ገና ከሴሪ ቢ ባደገው ፒያቼንዛ። 24 ጎል አግብቶ ከዩቬንቱሱ ዳቪድ ትሬዜጌ ጋር እኩል ጨረሰ። ትሬዜጌ ያን ዓመት ሻምፒዮን የሆነ ቡድን አጥቂ ነው፤ ኔድቬድና ዴል ፒዬሮ አብረውት አሉ። የሁብነር ቡድን ደግሞ የሚጫወተው ላለመውረድ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ሜይ 5፣ ፒያቼንዛ ቬሮናን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ ሁለቱን ያገባው እሱ ነው። ፒያቼንዛ ሲተርፍ ቬሮና ወረደ።

ከሳምንት በፊት 35 ዓመት ሞልቶት ነበር። በዚያ ዕድሜ ያን ማዕረግ ያገኘ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። ይህን የሰበረው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ በ38 ዓመቱ ለቬሮና 22 ጎል ያገባ አጥቂ ነው። ስሙ ሉካ ቶኒ ነው፤ ብሬሻ ላይ ቦታውን የወሰደበት ያው ልጅ።

እንደ ሁብነር በሴሪ አ፣ በሴሪ ቢና በሴሪ ሲ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነ ሌላ ተጫዋች አለ?

አንድ ብቻ፤ ኢጎር ፕሮቲ። የሪሚኒ ልጅ ነው፤ እሱም የተወለደው በ1967 ነው። በ1995-96 ለባሪ 24 ጎል አግብቶ ከላትሲዮው ጁዜፔ ሲኞሪ ጋር እኩል ሆነ፤ ባሪ ግን በዚያው ዓመት ወረደ። የሊጉን ብዙ ጎል አግብቶ መውረድ ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ አስቡት።

ፕሮቲ መንገዱን የሄደው በተቃራኒው ነው። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ፤ በ1999 በወጣትነቱ ወደተጫወተበት ወደ ሊቮርኖ፣ ወደ ሲ አንድ ተመለሰ። እዚያ በ2000-01 እና በ2001-02 ኮከብ ሆነ፣ በ2002-03 ደግሞ በሴሪ ቢ 23 ጎል አግብቶ ያንኑ ደገመ። በ2004 ሊቮርኖ ከ55 ዓመት በኋላ ወደ ሴሪ አ ሲመለስ አምበሉ እሱ ነበር።

ለምን ለብሔራዊ ቡድን አልተጠራም? ትልቅ ክለብስ?

ለጣሊያን አንድም ጊዜ አልተጫወተም። በ2002 የዓለም ዋንጫ አሠልጣኙ ትራፓቶኒ የወሰዳቸው አጥቂዎች ቪዬሪ፣ ኢንዛጊ፣ ቶቲ፣ ዴል ፒዬሮ፣ ሞንቴላና ዴልቬኪዮ ናቸው። ዝርዝሩን አይቶ ማን ወጥቶ ማን ይግባ ማለት ይከብዳል፤ ጣሊያን ያን ያህል አጥቂ የነበራት ጊዜ ጥቂት ነው። ያም ሆኖ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ለአንዲት የወዳጅነት ጨዋታ እንኳ አለመጠራቱ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ኤሲ ሚላን ግን በዚያው ክረምት ወደ አሜሪካ ባደረገው ጉዞ ለሙከራ ይዞት ሄደ። ቀይና ጥቁሩን መለያ ለብሶ ተጫወተ፤ ውል ግን አልመጣም። ወደ ፒያቼንዛ ተመልሶ 14 ጎል አገባ። ክለቡ ወረደ።

ያጨስ ነበር የሚባለውስ?

ያጨስ ነበር፤ ደብቆትም አያውቅም፤ ግራፓ የሚባለውን፣ ወይን ተጨምቆ ከሚቀረው ልጣጭ የሚወጣውን አረቄም ይወድ ነበር። ይህ ወሬ ከጎሎቹ በላይ መነገሩ ግን ያናድደኛል። እስከ አርባዎቹ የሮጠን ሰው በሲጋራው ብቻ ማስታወስ ፍርድ አይደለም።

ግንበኛ የነበረው አጥቂስ ማን ነው?

ክርስቲያን ሪጋኖ። ከሲሲሊ በስተሰሜን ባለችው በሊፓሪ ደሴት በ1974 ተወለደ፤ ግንብ እየገነባ በአማተር ሊግ ይጫወት ነበር። ሲጀምር ተከላካይ ነበር። በ2001-02 ለታራንቶ በሲ አንድ 27 ጎል አገባ።

በዚያው ክረምት ፊዮሬንቲና ከሠረ። ባቲስቱታን ያሳየን ክለብ ፈርሶ «ፍሎሬንቲያ ቪዮላ» በሚል ስም ከሲ ሁለት ጀመረ፤ ከታች የሚያወጣው አጥቂ ሲፈልግም ሪጋኖን ወሰደ። 30 ጎል አገባ። ፍሎሬንስ ላይ የሴሪ አ ስታዲየም በአራተኛ ደረጃ ጨዋታ ሲሞላ ሕዝቡ የሚዘምረው ለቀድሞው ግንበኛ ነበር። በ2003-04 በሴሪ ቢ 23 ጎል ጨመረ፤ ክለቡ በመለያ ጨዋታ ፔሩጃን አሸንፎ ሴሪ አ ተመለሰ። በዚያ የውድድር ዓመት አጋማሽ ፔሩጃን የተቀላቀለው አጥቂ ማን ነበር? ዳርዮ ሁብነር።

ሪጋኖ በ2006-07 ለሜሲና በሴሪ አ 19 ጎል አገባ፤ ከላዩ የነበሩት 26 ያገባው ቶቲና 20 ያገባው ሉካሬሊ ብቻ ናቸው። ሜሲና ግን መጨረሻ ሆኖ ወረደ። ከዚያ ስፔን ሄዶ ለሌቫንቴ ሃትሪክ ሠራ፤ ተመልሶም በታችኞቹ ሊጎች ሲዞር ቆየ።

እነዚህ አጥቂዎች በየዓመቱ ክለብ የሚቀይሩት ለምንድን ነው?

አንዳንዱ ስለሚወደው፣ አብዛኛው ስለማይጠየቅ ነው። እስከ 1981 ድረስ የተጫዋቹ ካርድ የክለቡ ንብረት ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው 91 ቁጥር ሕግ ነው ፕሮፌሽናሎችን ከዚህ ማሰሪያ የፈታቸው። ከዚያ በኋላም እስከ 2014 «ኮምፕሮፕሪዬታ» የሚባል አሠራር ነበር፤ ሁለት ክለቦች የአንድን ተጫዋች መብት እኩል ለሁለት ይይዛሉ። ጁን ሲደርስ ካልተስማሙ እያንዳንዳቸው የሚከፍሉትን ዋጋ ጽፈው በታሸገ ፖስታ ያስገባሉ፤ ብዙ የጻፈው ይወስደዋል። ተጫዋቹ ቤቱ ተቀምጦ የትኛው ከተማ እንደሚኖር ከፖስታ እስኪወጣ ይጠብቃል። ልጆቹ የት ትምህርት ቤት እንደሚገቡ ጭምር ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት አሠልጣኝ ነው። ታች ላይ አሠልጣኝ ወደ አዲስ ክለብ ሲሄድ የሚያምነውን አጥቂ ይዞ ይሄዳል፤ አጥቂን ለማላመድ ጊዜ የለውማ። በዚያ ላይ ውሎቹ አጫጭር ናቸው፤ ክለብ ሲወርድ በጀቱ ይቆረጣል፣ መጀመሪያ የሚሸጠውም ጎል ያገባው ነው።

ገንዘቡስ እንዴት ነው?

ከሴሪ አ እስከ ሴሪ ሲ ዝቅተኛ ደመወዝ በኅብረት ስምምነት ይወሰናል። በ1968 የተቋቋመው የተጫዋቾች ማኅበርም ክለብ ላጡት በክረምት የጋራ ልምምድ ያዘጋጃል። ሴሪ ዲ ላይ ግን ለብዙ ዓመታት የሚከፈለው «የወጪ ማካካሻ» ይባል ነበር፤ የስፖርት ሥራን እንደ ሥራ የሚቆጥረው አዲስ ሕግ ተግባራዊ የሆነው በጁላይ 2023 ነው።

ትልቁ ችግር ደመወዝ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ክለቡ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። በፌብሩዋሪ 2019 ደመወዝ ያልተከፈላቸው ተጫዋቾቹ የሄዱበት ፕሮ ፒያቼንዛ ለጨዋታ በሰባት ታዳጊዎች ቀርቦ በኩኔዮ 20 ለ 0 ተሸነፈ፤ ወዲያው ከሴሪ ሲ ተባረረ። በማርች 2025 ደግሞ ታራንቶና ቱሪስ ውድድሩ ሳያልቅ ተሰናበቱ። ታራንቶ ሪጋኖ 27 ጎል ያገባበት ክለብ ነው። እንዲህ ሲሆን የክለቡ ጨዋታዎች ውጤት ከሰንጠረዥ ይሰረዛል፤ ተጫዋቹ ልፋቱንም ደመወዙንም አብሮ ያጣል።

ዛሬም እንዲህ ዓይነት መንገድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ጠባብ ነው እንጂ። ጃንሉካ ላፓዱላን ተመልከቱ። በ1990 ቱሪን ተወልዶ፣ ከሳን ማሪኖ እስከ ስሎቬኒያው ጎሪትሳ ዞሮ፣ በ2014-15 ለቴራሞ በሦስተኛው ሊግ 21 ጎል አገባ። ቴራሞ ማደጉን ሲያረጋግጥ በጨዋታ ማጭበርበር ክስ ማደጉ ተሰረዘበት። ላፓዱላ ወደ ፔስካራ ሄዶ በሴሪ ቢ 27 ጎል አገባ፤ በ2016 ሚላን ወሰደው። በኋላም በእናቱ በኩል ለፔሩ ተጫውቶ በ2021 ኮፓ አሜሪካ ላይ ጎሎች አስቆጠረ።

የጠበበው በደንቡ ነው። ሴሪ ዲ ክለቦች በየጨዋታው የተወሰኑ ወጣቶችን እንዲያሰልፉ ያስገድዳል፤ ሴሪ ሲ ላይም ወጣት ያሰለፈ ክለብ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። ዓላማው ጥሩ ነው። ነገር ግን በ1987 ሃያ ዓመት ሞልቶት ከመስኮት ሥራ የመጣውን ሁብነርን ዛሬ ማን ሦስት ዓመት ይታገሠዋል? ብዙዎቹ ወጣቶችም ዕድሜያቸው ከደንቡ ሲያልፍ በዚያው ቀን ቦታቸውን ለሚቀጥለው ዕድሜ ይለቃሉ፤ በ22 ዓመት ጡረታ እንደማለት ነው።

ሁብነር መቼ አቆመ?

በ2004-05 በሲ አንድ ለማንቶቫ ተጫወተ፤ ማንቶቫ በዚያው ዓመት ወደ ሴሪ ቢ አደገ። ዕድሜው 38 ነበር፤ ፕሮፌሽናል ሕይወቱ እዚህ ላይ አበቃ። እሱ ግን ጫማውን አልሰቀለም። በብሬሻ ዙሪያ ባሉ ትናንሽ ከተሞች፣ ለኪያሪ፣ ለሮዴንጎ ሳያኖ፣ ለኦርሳ ኮርቴ ፍራንካ፣ ለካስቴል ሜላ እየተጫወተ አርባን ተሻገረ። የሴሪ አ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረውን ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ የቀን ሥራ ያላቸው ተከላካዮች ይይዙት ነበር፤ እሱም በሃያ ዓመቱ እንደነበረው ከጀርባቸው ያለውን ክፍተት ይፈልግ ነበር።